ደጉስ ሰው ስለ ምን ዋሸ?

በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን አንድ ቀላል የጽሕፈት ሥራ ሰጥተናቸው ነበር። «በታሪክም ሆነ በልብ ወለድ ካወቃችኋቸው ሰዎች መካከል የምታደንቁት ማንን ነው? ምክንያቱንም ጻፉ» የሚል ነው። አንዱ ዐፄ ምኒልክን፣ ሌላው አበበ ቢቂላን፣ አንዲቱም እናቷን ጻፈች። በትምህርቱ ብርቱ የሆነና በክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ግን «ጆከር» ብሎ ጻፈ። ምክንያቱንም በአንድ መስመር ብቻ ሲያስረዳ፣ «ከሁሉም ውስጥ የማይዋሸው እሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው» ይላል።

እኛ ጆከር የሚባለውን ስም የምናውቀው በካርታ ጨዋታ ነበር። ጠይቀን እንደ ተረዳነው ግን፣ ልጁ የጻፈው «ዘ ዳርክ ናይት» በተባለውና በቋንቋችን «የጨለማው ፈረሰኛ» ሊባል በሚችለው ፊልም ውስጥ ስላለው ወንበዴ ነው። በመጀመሪያ ልጁን ጠርተን ልንገሥጸው ዐስበን ነበር። ነገር ግን ሳያዩ መፍረድ ለመምህር የማይገባ ስለ ሆነ፣ ፊልሙን ፈልገን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አየነው። ያየነውንና ከልጁ ጋር የተነጋገርነውን ለወላጆች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ባትማን፣ ማለት «የሌሊት ወፍ ሰው»፣ በአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ላይ መታየት የጀመረው በ1939 ነው። ወላጆቹ በወንበዴ እጅ ሲገደሉ በዓይኑ ያየ አንድ የባለጸጋ ልጅ፣ ካደገ በኋላ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ሌሊት ሌሊት ከወንበዴዎች ጋር ሲታገል የሚያሳይ ታሪክ ነው። ጆከርም በ1940 የእርሱ ባላንጣ ሆኖ ቀረበ። መልኩ የተወሰደው ኮንራድ ፋይት የተባለ ጀርመናዊ ተዋናይ በ1928 «የሚስቀው ሰው» በተባለ ፊልም ላይ ካሳየው፣ አፉ ሁልጊዜ የሚስቅ መስሎ ከቀረ ሰው ፊት እንደ ሆነ ይነገራል። የዚያ ፊልም ምንጭ የፈረንሳዊው ደራሲ የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ነው። በሁጎ መጽሐፍ ውስጥ ግን ያ ሰው ፊቱ የተበላሸ ይሁን እንጂ ልቡ ደግ ነበር፤ የሥዕል ታሪክ ጸሐፊዎቹ የተበላሸውን ፊት ወስደው ደጉን ልብ ተዉት።

አሁን የምንነጋገርበትን ፊልም ያዘጋጀው በለንደን የተወለደው ክሪስቶፈር ኖላን ሲሆን፣ ቃሉን የጻፈው ከወንድሙ ከጆናታን ጋር ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው ጁላይ 18 ቀን 2008 ነው። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ይሆናል። ለሥራው 185 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት፣ በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ጎታም የተባለችው ከተማ በልብ ወለድ የተፈጠረች ብትሆንም፣ በፊልሙ የምናያቸው መንገዶችና ሕንፃዎች በብዛት የቺካጎ ናቸው። በ2020 ደግሞ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ ልጆቻችን የሚነጋገሩበት ነገር ተራ ጨዋታ አይደለም።

የጆከርን ቦታ ይዞ የተጫወተው ሂዝ ሌጀር በ1979 በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ የተወለደ ተዋናይ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲዘጋጅ አንድ ወር ያህል በለንደን በአንድ የሆቴል ክፍል ብቻውን ተዘግቶ፣ የወንበዴውን ድምፅና ሳቅ ሲፈልግ እንደ ቈየ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ ግን ጃንዋሪ 22 ቀን 2008 በኒው ዮርክ በ28 ዓመቱ ዐረፈ። በወጣቶች ዘንድ «የተጫወተው ክፉ ሰው ገደለው» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። የከተማዪቱ መርማሪ ሐኪም የሰጠው ቃል ግን፣ በሐኪም የሚታዘዙ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች በሰውነቱ ውስጥ በመደባለቃቸው የደረሰ ድንገተኛ ሞት መሆኑን ነው። ስለ ሞተ ሰው የማይሆን ወሬ ማብዛት ነውርም ኀጢአትም ነውና፣ ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2009 የኦስካር ሽልማት በተሰጠው ጊዜ፣ በእርሱ ፈንታ ቆመው የተቀበሉት አባቱ፣ እናቱና እኅቱ ነበሩ።

ሽልማቱ የሚገባው እንደ ነበረ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ይህ ወንበዴ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ ከንፈሩን በቀይ አስረዝሞ፣ ትከሻውን አጐንብሶ ይራመዳል። ሃንስ ዚመር ያዘጋጀለት ሙዚቃ እንኳ ዜማ ሊባል አይችልም፤ በቼሎ አውታር ላይ እየተሳበና እየጠነከረ ጆሮን የሚያስጨንቅ አንድ ድምፅ ነው። ስሙ፣ አገሩ፣ ዘመዱ አይታወቅም። ገንዘብ አይፈልግም፤ ከወንበዴዎቹ የተቀበለውን የገንዘብ ክምር በእሳት አቃጥሎ ቆሞ ያየዋል። እንግዲህ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ሁሉ በልቡ እንደ እርሱ መሆኑን ማስመስከር ነው። ደግነት ምቾት ያለበሰው ልብስ ነው፤ ችግር ሲመጣ ልብሱ ይወልቃል፤ ይህ ነው ክርክሩ።

መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው ይህን ክርክር ከጥንት ያውቀዋል። ሰይጣን በፈጣሪ ፊት ቀርቦ ኢዮብን የከሰሰው፣ ጽድቁ ከሀብቱና ከጤናው የመጣ ነው፤ እነዚህ ቢነኩበት ፈጣሪውን ይክዳል በማለት አልነበረምን? ሰይጣን የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ባላጋራ፣ ዲያብሎስ የሚለው የግሪክ ቃልም ስም አጥፊና ከሳሽ ማለት ነው። የፊልሙ ደራሲዎች ይህን ዐስበው ይጻፉት አይጻፉት የእነርሱ ጕዳይ ነው። እኛ ግን በቀለም ከተቀባው ፊት በስተጀርባ ያንኑ አሮጌ ከሳሽ አየነው።

ከሳሹ በፊልሙ ውስጥ ሦስት ፈተናዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው ለባትማን ነው፤ ሰው አልገድልም ብሎ የማለውን መሐላ እንዲያፈርስ ያደርገው ዘንድ በየቀኑ ሰው እየገደለ ያስጨንቀዋል። ሁለተኛው ለዐቃቤ ሕጉ ለሃርቪ ዴንት ነው። ይህ ሰው በሕግና በአደባባይ ወንበዴዎችን የሚከስ፣ ሕዝቡም ተስፋ የጣለበት ደፋር ሰው ነበር። ጆከር የሚያፈቅራትን ሴት አስገደለበት፤ የፊቱም ግማሽ በእሳት ተበላ። ከዚያ በኋላ ዴንት ፍርድን ትቶ የሰውን ሞትና ሕይወት በሳንቲም ዕጣ የሚወስን ነፍሰ ገዳይ ሆነ። በዚህ ጆከር አሸነፈ።

ሦስተኛው ፈተና ለሕዝቡ ነው። ከከተማዪቱ በሚሸሹ ሁለት መርከቦች ላይ ፈንጂ ተጠምዷል። በአንደኛው ላይ ሰላማውያን ሰዎች፣ በሁለተኛው ላይ እስረኞች ተሳፍረዋል። እያንዳንዱ መርከብ ሁለተኛውን የሚያፈነዳ መሣሪያ በእጁ አለው፤ ሌላውን ያፈነዳ ይድናል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ማንም ካላፈነዳ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ ተብሎ ተነገራቸው። ሰላማውያኑ ድምፅ ሰጡ፤ 140 ሰዎች «አይሆንም» ሲሉ፣ 396 «ይፈንዳ» አሉ። ነገር ግን በወረቀት «ይፈንዳ» ካለው ሁሉ መሣሪያውን በእጁ ሊጫን የቻለ አንድም አልተገኘም። በእስረኞቹ መርከብ ደግሞ አንድ ግዙፍና መልኩ የሚያስፈራ እስረኛ ወደ አዛዡ ቀርቦ፣ አንተ የማትደፍረውን እኔ ላድርገው ብሎ መሣሪያውን ተቀበለ። ተመልካቹ ሁሉ ሊያፈነዳ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ እስረኛው መሣሪያውን በመስኮት ወደ ውኃ ወረወረው። ሰዓቱ ደረሰ፤ ምንም አልፈነዳም። በዚህ ጆከር ተሸነፈ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ልጁን ጠራነውና ከትምህርት ሰዓት ውጭ አብረን ተቀመጥን። ቍጣ ጠብቆ ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኛም «ልጄ፤ ጆከር አይዋሽም ብለህ ጽፈሃል። እስቲ ፊልሙን አብረን እናስታውሰው» አልነው። «ያፉ ጠባሳ እንዴት እንደ መጣ ለመጀመሪያው ሰው ምን ብሎ ነገረው?»

«አባቱ በቢላዋ እንደ ቈረጠው።»

«ለሴቲቱስ?»

ልጁ ዝም ብሎ ቈየና፣ «ስለ ሚስቱ ሲል ራሱ እንደ ቈረጠው» አለ።

«ከሁለቱ አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ሐሰት ነው። የታሰሩትን የሁለቱን ሰዎች አድራሻ ለባትማን ሲነግረውስ?»

«አለዋውጦ ነገረው።»

«ለዴንት ደግሞ በሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ እኔ ዕቅድ የሌለኝ ሰው ነኝ ይለዋል። ባንኩን ዘርፎ ሲወጣ ግን፣ የጫነበት የትምህርት ቤት አውቶቡስ በመንገድ ከሚያልፉት የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካከል በደቂቃ ተመጥኖ ይገባል። ዕቅድ የሌለው ሰው እንዲህ ያደርጋልን?»

ልጁ ፈገግ አለ። ብልህ ልጅ ስለ ሆነ ክርክሩ እንደ ተረታ ወዲያው ገባው። እኛም ሥራችንን የፈጸምን መስሎን ልንነሣ ስንል ቀና ብሎ፣ «እሺ መምህር፤ እሱ ይዋሽ። ደጉስ ሰው ስለ ምን ዋሸ?» ብሎ ጠየቀን።

አንባብያን የልጁን ጥያቄ እንዲረዱት የፊልሙን መጨረሻ መናገር ያስፈልጋል። ዴንት ሰዎችን ከገደለ በኋላ የፖሊሱን ሹም የጎርደንን ልጅ ሊገድል ሲል ከፎቅ ወድቆ ይሞታል። የዴንት ወንጀል ቢገለጥ ሕዝቡ ተስፋ ይቈርጣል፤ እርሱ ያሳሰራቸው ወንበዴዎችም ይለቀቃሉ ብለው ስለ ፈሩ፣ ባትማንና ጎርደን እውነቱን ለመደበቅ ይስማማሉ። ዴንት እንደ ጀግና ተቈጥሮ ይቀበራል፤ ግድያውንም ባትማን እንደ ፈጸመው ይነገራል። የባትማን አሳዳጊ የሆነው ሽማግሌ አልፍሬድም፣ የሞተችው ሴት ዴንትን እንደ መረጠች የገለጠችበትን ደብዳቤ ለባትማን እንዳይደርሰው አቃጠለው። ክፉው ዋሸ፤ ደጎቹም ዋሹ። የጎርደን ትንሽ ልጅ ግን ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ነውና፣ ምንም ያልበደለው ሰው ስለ ምን እንደሚሸሽ አባቱን ይጠይቃል። አባትየው የሰጠው መልስ ውብ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን በአደባባይ ለመናገር የሚያስችል ድፍረት አልነበረበትም።

እኛ ለተማሪያችን በመጀመሪያ የሰጠነው መልስ ከጎርደን መልስ የተሻለ አልነበረም። «አንዳንድ ጊዜ ገመና መሸፈን ያስፈልጋል፤ ሴምና ያፌት የአባታቸውን የኖኅን ዕርቃን ሸፍነው አልተመረቁምን?» አልነው። ልጁም ፊታችንን አተኵሮ እያየ፣ «የባለፈው ዓመቱ የውጤት መዝገብም ገመና ነው?» አለ።

ይህን ሲል ደማችን ወደ ፊታችን ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት የአንድ የተከበረ ሰው ልጅ ውጤት ተጨምሮለት አንደኛ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ነጥቡን የጨመርነው እኛ አይደለንም፤ ነገር ግን መዝገቡ በእጃችን ያለፈ ስለ ሆነ ቍጥሩ መለወጡን አይተናል። ሌሎች መምህራን «የትምህርት ቤቱ ስም ይጠፋል፤ ደግሞም ልጁ ሰነፍ አይደለም» ሲሉ፣ እኛም ዝም አልን። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ የወጣው ይህ ፊታችን የተቀመጠው ልጅ ነው። ማወቁን ግን አናውቅም ነበር። «ከሁሉም ውስጥ የማይዋሸው» ብሎ ሲጽፍ፣ «ከሁሉም» ያለው የፊልሙን ሰዎች ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ስለ ኖኅ ልጆች ለልጁ የነገርነውን መላልሰን መረመርነው። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን ሸፈኑ እንጂ፣ አባታችን አልሰከረም ብለው አልመሰከሩም፤ ስካሩንም በሌላ ሰው ላይ አላላከኩም። ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ የኖኅን ስካር፣ የዳዊትን ዝሙትና ደም ማፍሰስ፣ የጴጥሮስን ሦስት ጊዜ መካድ ጽፎ ለትውልድ አስተላልፏል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ ገብቶ ሲገሥጸው፣ የመንግሥቱ ስም ይጠፋል ብሎ አልፈራም። ዳዊትም ታላቅ የሆነው ኀጢአቱ ስለ ተደበቀለት ሳይሆን ንስሐ ስለ ገባ ነው። ስለዚህ ገመናን መሸፈን ሌላ፣ ሐሰትን እውነት አስመስሎ ማቆም ሌላ ነው። ለንስሐ አባት የተነገረ ኀጢአት የሚሸፈነው የወንድም ነፍስ እንድትድን ነው፤ በመዝገብ ላይ የተጻፈ ሐሰት የሚሸፈነው ግን የራሳችን ስም እንዲድን ነው። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍል አንድ ያልበደለ ሰው ዘወትር አለ።

የፊልሙ ደራሲዎችም ይህን የዘነጉት አይመስልም። በ2012 በወጣው ተከታይ ፊልም ከ8 ዓመት በኋላ ያለችውን ጎታምን ያሳዩናል። በዴንት ስም በወጣ ሕግ ብዙ ወንበዴዎች ታስረዋል፤ ከተማዪቱ ሰላም መስላለች። ጎርደን ግን ውሸቱ ስለ ከበደው እውነቱን በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ሊያነበው ግን አይደፍርም። በመጨረሻ ወረቀቱ በሌላ ክፉ ሰው እጅ ይወድቅና፣ ያ ሰው በወህኒ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ለሕዝቡ ያነበዋል፤ የወህኒውንም በር ሰብሮ እስረኞቹን ይለቃል። ደጋግ ሰዎች በጊዜው ያልተናገሩት እውነት በክፉ ሰው አፍ ሲነገር የጥፋት መሣሪያ ይሆናል። አልፍሬድም ስላቃጠለው ደብዳቤ በተናገረ ጊዜ፣ እንደ ልጁ ካሳደገው ሰው ጋር በኀዘን ተለያየ።

በማግስቱ መዝገቡን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ኀላፊ ገባን፤ ያየነውንና ዝም ያልንበትን ሁሉ ነገርን። ነገሩ ቀላል አልነበረም። መዝገቡ ታረመ፤ ሽልማቱ ግን ከተሰጠ ዓመት ስላለፈው ሊመለስ አልተቻለም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የነሡን የሥራ ባልደረቦች አሉ። ልጁን ጠርተን፣ «ልጄ፤ አውቀን ዝም ብለናል፤ በድለንሃል፤ ይቅር በለን» አልነው። እርሱም በዕፍረት መሬት መሬት እያየ፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ መምህር» አለ። ጥቂት ቈይቶም፣ መልሱን ሊያርም ስለ ፈለገ የጽሕፈት ወረቀቱን እንድንመልስለት ለመነን። በማግስቱ ሲያመጣው «ጆከር» የሚለው ተሰርዞ፣ በቦታው «መሣሪያውን በመስኮት የወረወረው እስረኛ» የሚል ተጽፎበት ነበር። በምክንያቱም ቦታ «ሁሉም ይገድላል ብለው ሲጠብቁት አልገደለም» ይላል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ይህን ፊልም ልጆቻችን ይዩት ወይስ አይዩት ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን እንዲህ ነው። ለሕፃናት አይሆንም፤ ግድያውና ማስፈራራቱ ብዙ ነው። በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች በብርቱ እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ምልክት ተደርጎበታል፤ በእንግሊዝ አገርም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከዐዋቂ ጋር እንዲያየው በመፈቀዱ ብዙ አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ከፍ ያሉት ልጆች ግን ብንከለክላቸውም በስልካቸው ያዩታልና፣ ብቻቸውን ከሚያዩት ከአባታቸው ወይም ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው ቢያዩት ይሻላል። ካዩም በኋላ «ማንን ወደድህ? ስለ ምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ሳትቈጡ ስሙ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ልጅ ክፉውን ሰው ሲያደንቅ፣ ሁልጊዜ ክፋትን ወድዶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከደጎቹ አፍ ያጣውን እውነት ሲፈልግ ነው። አባት ደጃፍ ላይ የቆመውን ባለዕዳ «የለም በሉት» ብሎ ልጁን ሲልክ፣ እናት የጎረቤቷን ስም አጥፍታ ወዲያው በፈገግታ ስትቀበላት፣ መምህር የተለወጠ መዝገብ አይቶ ሲያልፍ፣ ልጅ አይቶ ዝም ይላል እንጂ አይረሳም። ከዚያ በኋላ «ሁላችሁም ያው ናችሁ» እያለ የሚስቅ ሰው ሲመጣ፣ ምስክሩን ከቤታችን ያገኛል። ከሳሹን ምስክር የሚያሳጣው የእኛ ቍጣ አይደለም፤ በልጆቻችን ፊት «በድለናል» ለማለት መድፈራችን ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን።